ያልተቋቋመው የቃላሚኖ መዘምራን ቡድን

ሰው ሥራ ሲፈታ ማኅበር ያቋቁማል። እኔም ሰሞኑን በሐሳቤ አንድ የመዘምራን ቡድን አቋቁሜያለሁ። መቀመጫው መቀሌ፣ ቃላሚኖ ነው፤ ዓላማው ከጦር ሜዳ ለተመለሱ ሰዎች የምስጋና ኮንሰርት ማዘጋጀት። ማኅተም የለውም፣ የባንክ ሒሳብ የለውም፤ ስብሰባ ግን ከወዲሁ በዝቶበታል።

ቃላሚኖን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የሰፈሩ ስም ሲነሣ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የትግራይ ልማት ማኅበር ያቋቋመው ልዩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ከየወረዳው ከፍተኛ ነጥብ ያመጡ ልጆች ተለቅመው የሚገቡበት። ስለዚህ በቡድናችን ውስጥ ዜማ የማይገባው ይኖር ይሆናል እንጂ ፊዚክስ የማይገባው አይኖርም። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም እዚያው ነው። ልምምድ ላይ ወፍራም ድምፅ ከተሰማ ባስ የሚዘምሩት ሁሉ የእኛ ሰዎች ናቸው ብዬ ለመማል ይቸግረኛል።

ሐሳቡን የወሰድሁት ከባሕር ማዶ ነው። አሜሪካኖች ኖቬምበር 11 ቀን የቀድሞ ወታደሮቻቸውን ሲያከብሩ በየትንንሹ ከተማ የሰፈር ኳየር ይሰለፋል። ከዝግጅቱ ሁሉ በጣም የሚወደድ አንድ ክፍል አለ፦ የምድር ጦሩ፣ የባሕር ኃይሉ፣ የአየር ኃይሉ መዝሙር ተራ በተራ ይዘመራል። የክፍሉ መዝሙር የተነሣለት ሽማግሌ ከወንበሩ ብድግ ይላል፤ ይጨበጨብለታል፤ ይቀመጣል፤ ተረኛው ይነሣል። እንዴት ያለ የሚያምር ሥርዓት ነው! ወዲያውኑ ቃላሚኖ ላይ በዓይነ ኅሊናዬ ሞከርሁት። ሁለተኛው መዝሙር ሳያልቅ አዳራሹ ተተራመሰ።

የእነሱ ሽማግሌዎች ክፍላቸው ይለያይ እንጂ ጦራቸው አንድ ነው። የእኛ ሽማግሌዎች እድራቸው አንድ ሆኖ ጦራቸው ይለያያል። የፊት ወንበር ላይ በንጉሡ ዘመን የዘመቱ አንድ አቦይ ተቀምጠዋል እንበል። ከጎናቸው ደርግ ለብሔራዊ ውትድርና የወሰደው ሰው አለ። ከእሱ ቀጥሎ ያንኑ ደርግ ለመጣል ገና በአፍላነቱ በረሃ የወረደው ተጋዳላይ። ሦስቱ በቀብር አብረው ድንኳን ይተክላሉ፣ በማኅበር አብረው ሰዋ ይጠጣሉ። የደርግ ጊዜ ማርሽ ሲመታ መካከለኛው ሰው ቀስ ብሎ ይነሣል። ተጋዳላዩ ቀና ብሎ ያየዋል። ሠላሳ ዓመት ጎረቤት ሆነው የት ግንባር እንደነበረ ጠይቆት አያውቅም። “ንስኻ ዲኻ?” (አንተ ነህ እንዴ?) ይላል። ከዚያ በኋላ ኮንሰርቱን ማን ያዳምጠዋል? ሁለቱ ወንበራቸውን አዙረው ያ ኮረብታ ላይ መትረየሱ በየት በኩል እንደነበረ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ መሳል ይጀምራሉ።

ደግሞ አንዱን ማርሽ ብቻ ሰምቶ የማይቀመጥ አለ። በደርግ ተመልምሎ፣ ተማርኮ፣ ከማረኩት ጋር ተሰልፎ፣ በ1990 ዓ.ም. ባድመ ላይ ጦርነት ሲነሣ እንደገና ዘምቶ፣ በመጨረሻም ሰላም አስከባሪ ተብሎ ሰማያዊ ቆብ ያደረገ ሰው። ለእሱ ኮንሰርቱ ቅዳሴ ነው፤ ተነሥ ሲሉት መነሣት፣ ተቀመጥ ሲሉት መቀመጥ። ጉልበቱን ያሳመመው ዘመቻው ይሁን የእኛ መርሐ ግብር በኋላ ለመለየት ይቸግራል።

ይህን ሳስብ ነው ዋናው ችግር የተገለጠልኝ። የዘማች ዘፈን አጥሮን አያውቅም፤ በዚህ ነገር ባለጸጋ ነን። ነገር ግን ያለን ሁሉ ሰው የሚላክበት ነው፤ ሰው የሚቀበሉበት አይደለም።

በጥንቱ ጊዜ ይህ ጉድለት አይታይም ነበር፤ ምክንያቱም ዘማቹ ራሱ ዘማሪ ነበር። ከዘመቻ ሲመለስ ንጉሡ ፊት ግዳዩን ጥሎ፣ ጋሻውን እያንቀሳቀሰ፣ የፈረሱን ስም እየጠራ፣ ማንን የት እንደጣለ ራሱ ይናገራል። ግጥሙ የእሱ፣ ድምፁ የእሱ፣ ምስክርነቱም የእሱ ነው። ከአድማጩ የሚጠበቀው ነገር ቢኖር ከጦሩ ጫፍ ትንሽ ራቅ ብሎ መቆም ነው። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ አራት ኪሎ የድል ሐውልቱ ሥር የሄደ ሰው የዚህን ቅሪት ያውቀዋል፤ ጎፈር የደፉ አባት አርበኞች ሜዳልያቸውን ደርድረው ሲፎክሩ መርሐ ግብር መሪው በየት በኩል ገብቶ ማይክሮፎኑን እንደሚቀበላቸው ይጨነቃል። ለእንደዚህ ያለ ሰው ኳየር ማቆም ድፍረት ነው። አንተ ተቀመጥ፣ የአንተን ታሪክ ያልነበርንበት እኛ እንዘምርልሃለን ማለት ነውና።

የላኪውን ዘፈን ታሪክ ደግሞ ላንሣው። ኢጣሊያ ልትወርረን ስታኮበኩብ በ1927 ዓ.ም. በእነ መኮንን ሀብተ ወልድ የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር አዝማሪ እየሰበሰበ ሕዝቡን ለጦርነት ቀሰቀሰ። ዘፈኑ ምን ያህል ይሠራ እንደነበር ከእኛ ይልቅ ግራዚያኒ የተረዳው ይመስለኛል፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ አዝማሪውንና ጠንቋዩን ባንድ ላይ እያስለቀመ እንዲገደሉ አዘዘ። ማሲንቆን እንደ መሣሪያ ቆጥሮ ትጥቅ ማስፈታት ማለት ይህ ነው። ከነፃነት በኋላ ሙዚቃው ጭራሽ ዩኒፎርም ለበሰ። የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ እነ ጥላሁን ገሠሠን አፈራ፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክር ጥላሁንም አብሮ ታሰረ። የፍቅር ዘፈን እየዘፈኑ ኖረው በወታደር ጣጣ መታሰር! ደርግ ሲመጣ ደግሞ እያንዳንዱ ቀበሌ የራሱ ኪነት ነበረው፤ ወጣቱ በአንድ በኩል ዘማች ሲሸኝ በሌላ በኩል ከመድረክ ወርዶ ራሱ ይዘምት ነበር። በረሃም ያለው ወገን ዝም አላለም፤ ሕወሓት የራሱ የባህል ቡድን ነበረው፤ ኢያሱ በርሀን የመሰሉ ድምፃውያን ክራርና ጠመንጃ ይዘው አደጉ። ሁለቱም ወገን ጥሩ ይዘፍን ነበር። ይህን ለማለት አሁን የሚከለክለኝ የለም።

በ1983 ዓ.ም. የደርግ ጦር ሲበተን ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰው ወደየቤቱ ተሸኘ። ሲሄድ የዘፈነለት ሁሉ ሲመለስ የት ሄደ? አንድም የቀበሌ ኪነት ለተመላሽ የሚሆን ነገር ሲያዘጋጅ አልሰማሁም። ቀበሌውም ሌላ ሆኖ ነበር።

የቃኘው ሻለቃ ነገር ከሁሉ ይገርመኛል። በራስ መኮንን የፈረስ ስም የተሰየመው ይህ ጦር ከሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ጀምሮ በዙር ኮሪያ ዘመተ። ከ6,000 በላይ ሰው ሄዷል፤ ከ120 በላይ ሞተዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል፤ አንድም ሰው አልተማረከም። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሸኝተው አፄ ኃይለ ሥላሴ ተቀበሉ፤ እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ከዚያ አብዮቱ መጣና የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ሆንን። በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር፣ አዲስ አበባ ላይ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የትግላችን ሐውልት ተመረቀ፤ የሠሩልን ሰሜን ኮሪያውያን ናቸው። እስቲ የቃኘው ዘማች ሁኑና በዚያ እለፉ። በወጣትነታችሁ በበረዶ ውስጥ የተዋጋችሁት አገር፣ በእርጅናችሁ መዲናችሁ መካከል ለወታደር ጀግንነት ሐውልት አቁሞላችኋል፤ ወታደሩ ግን እናንተ አይደላችሁም።

ውለታውን ያልረሳው ደቡቡ ነው። ቹንቾን በምትባል ከተማ የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ አላቸው፤ ጣሪያው የአገራችንን ክብ ጎጆ እንዲመስል ተደርጓል። አጠገቡ ንጉሠ ነገሥቱ በ1968 እ.ኤ.አ. ሲጎበኙ የተከፈተና የኢትዮጵያን ስም የያዘ ቡና ቤት አለ። ለእኔ ጉዳይ የሚቀርበው ግን ሌላ ነው። ጦርነቱ የተጀመረበት 60ኛ ዓመት ሲታሰብ ሊትል ኤንጅልስ የሚባለው የኮሪያ ልጆች የባህል ቡድን ጦር የላኩትን አገሮች እየዞረ ለአዛውንት ዘማቾች ዘፈነ፤ ኢትዮጵያም ከአገሮቹ አንዷ ነበረች። ሽኝቱን እኛ ዘፈንን፤ አቀባበሉን የኮሪያ ሕፃናት ዘፈኑልን። ግማሹን ሥራ ለውጭ ተቋራጭ የሰጠነው መንገድ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ወደ ቃላሚኖ ልመለስ፤ ልምምድ አለብን።

የመጀመሪያው ጣጣ አራት ድምፅ የሚባለው ነገር ነው። ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴኖርና ባስ ተብሎ ሰው ይከፈላል፤ ዋናውን ዜማ ሶፕራኖዎቹ ይይዛሉ፤ ሌላው በሥሩ ይደግፋል። ይህን ለኛ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። የኛ ሰው አብሮ መዘመር ሲባል የሚያውቀው ሁሉም ዜማውን ሲል፣ አንዱ ትንሽ ቀድሞ፣ አንዱ ትንሽ ዘግይቶ፣ አንዱ በራሱ ጌጥ እያስገባበት ነው። ባስ የተመደበ ጎልማሳ “እኔ ምን አጥፍቼ ነው ዜማው የተነፈገኝ?” ብሎ አቤት ይላል። አልቶ የተባሉት ሴቶች በሁለተኛው ሳምንት ዜማውን ወርሰውታል። ቴኖሮቹ የሚዘምሩት ምን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም፤ ጮክ ማለቱ ግን የተረጋገጠ ነው።

ሁለተኛው ውሃ ነው። ዘማሪ ጉሮሮው ይደርቃል። በጥር 1888 ዓ.ም. እዚሁ መቀሌ፣ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ የነበረውን የኢጣሊያ ጦር እቴጌ ጣይቱ ምንጩን በማስያዝ በጥም ለቅቆ እንዲወጣ አድርገውታል። የመቀሌ የውሃ ጉዳይ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የተፈታ አይመስለኝም። የቡድኑ በጀት ውስጥ ከዩኒፎርም በፊት ጀሪካን ተጽፏል።

በልምምድ መሐል ሰው ሲሰለች የማወራው ወሬ አለኝ። በዚህ አገር መዝሙርና ጦር የተገናኙት ገና አክሱም ላይ ነው። ቅዱስ ያሬድ በአፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን በዘማሪው እግር ላይ እንደተከለው፣ ያሬድም ዝማሬውን እስኪጨርስ እንዳልተሰማው ይተረካል። ይህን ሲተርኩልን ሁልጊዜ የሚነግሩን ስለ ዜማው ጣዕም ነው። እኔ ግን በወዳጅ ጦር ስለ ቆሰለው ሰው አስባለሁ። ንጉሡ ደንግጦ የፈለግኸውን ጠይቀኝ ሲለው ርስት አልጠየቀም፣ ሹመት አልጠየቀም፤ ዓለምን ትቶ ወደ ሰሜን ተራሮች እንዲሄድ እንዲፈቀድለት ብቻ ነው የጠየቀው። በአጭሩ ጡረታ። ከእሱ በኋላ የቆሰለ ሁሉ የጠየቀው ያንኑ ነው፤ ማመልከቻው ብቻ ነው የረዘመው።

እዚህ ላይ ሳልሸሽ የምናገረው ነገር አለ። ዘማች ስል እስካሁን ሽማግሌ እየሣልሁ ነው የመጣሁት። መቀሌ ውስጥ ይህ ሥዕል ልክ አይደለም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የተሰለፈው ልጅ ዛሬም ልጅ ነው። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ታጣቂዎችን ወደ ኅብረተሰቡ የመመለሱ ሥራ መቀሌ ላይ ሲጀመር ከካምፕ የወጣው ሰው ሜዳልያ የሚደረድርበት ኮት አልነበረውም፤ የተቋረጠ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የነበረው ይኖራል። እናም ዘማሪ ስመለምል የማገኘው እሱን ነው። ያ ጮክ የሚለው ቴኖር አንድ ጆሮው ስለማይሰማ ነው ጮክ የሚለው። ባሱ ቁጭ ብሎ የሚዘምረው ስንፍና ይዞት አይደለም። ታዲያ መድረክ ላይ የሚቆመው ማን ነው፣ ወንበር ላይ የሚቀመጠውስ? ግማሹ ለግማሹ ዘምሮ፣ በእረፍት ሰዓት ቦታ ቢለዋወጡስ ብዬ ነበር። ኮሚቴው ሐሳቡን አልጣለውም።

የግጥም ንዑስ ኮሚቴ ግን ራሱን የቻለ ጦር ሜዳ ነው። “ጀግና” የሚለው ቃል ያለ ተቃውሞ አለፈ፤ ማንም ራሱን አላገለለም። ቀጥሎ “ድል” መጣ። ድል ካለ የተሸነፈ አለ፤ የተሸነፈው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ሻይ እያማሰለ ነው። ተሰረዘ። “ጠላት” ደግሞ ድልን ተከትሎ ሄደ። “ተራራ” ንጹሕ ቃል ይመስለን ነበር፤ አንዱ “የትኛው ተራራ?” ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ። አምባ አራዶምን ብንወስድ በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች ቦምብ ያወረዱበት ነው፤ ሌሎቹን ብንጠራ ደግሞ የአንዱ ምሽግ የሌላው ማፈግፈጊያ ሆኖ ይገኛል። በስምምነት ተራራው ሜዳ ተደረገ። “ባንዲራ” ላይ የተጀመረው ውይይት ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ ለመቼ እንደሆነ በቃለ ጉባኤው አልሰፈረም። በመጨረሻ ከሙሉው ግጥም “ሆ” ብቻ ቀረች። እሷም ቢሆን አንድ አስተዋይ ሰው “ይቺ ‘ሆ’ ቀረርቶ ቀረርቶ ትሸታለች” አለና በጥርጣሬ ተያዘች።

ከዚህ ያወጣን አንድ የእንግሊዞች ታሪክ ነው። ባሎቻቸው አፍጋኒስታን የዘመቱባቸው የወታደር ሚስቶች በጋሬዝ ማሎን አሠልጣኝነት ኳየር አቋቋሙ። ፖል ሚየሎር የተባለ የሙዚቃ ደራሲ ደግሞ ሚስቶቹና ባሎቹ ከተጻጻፉት ደብዳቤ ላይ ቃል እየለቀመ መዝሙር ሠራላቸው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ገና በአገሩ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ወጣ። ጦርነቱን ማን እንዳሸነፈ መዝሙሩ ውስጥ አንድም ቃል አልገባም። እኛስ? የተመለሰውን ሰው ማን ነው የተቀበለው? አዝማሪው አይደለም፤ ኪነቱ አይደለም፤ በሩን የከፈተችው አደይ፣ እናቲቱ ናት። ስለዚህ የግጥም ኮሚቴው ተበትኖ ሥራው ለእናቶችና ለሚስቶች ተሰጠ።

ከሰዋ ጋር ባደረጉት የመጀመሪያ ስብሰባ ግጥሙ ሞልቶ ፈሰሰ። ብርድ ልብሱን ዛሬም አራት ማዕዘን አድርጎ የሚያጥፍ አለ። ሌሊት ተነሥቶ የተቆለፈውን በር እንደገና የሚቆልፍ አለ። ቁርስ ሲበላ ሰሀኑን በክንዱ ከልሎ፣ መኪና እየጠበቀው ይመስል የሚጎርስ አለ። የልጅ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲሸኝ ከኋላ ከኋላ ርቀት ጠብቆ እንዲከተለው የሚያዝ አለ። ብርድ ሲመጣ ትከሻው ውስጥ የቀረችው ፍንጣሪ ከሬዲዮ ቀድማ የአየር ሁኔታ የምትነግረው አለ። በሠርግ ርችት ሲፈነዳ ደግሞ ቶሎ ጎንበስ ይልና አልጋ ሥር የሌለ ጫማ መፈለግ ይጀምራል፤ ሚስቱም አብራው ጎንበስ ብላ ትፈልጋለች። በየትኛው ጦር ውስጥ እንደነበረ ማንም አልጠየቀም። የደርጉ ሚስትና የተጋዳላዩ ሚስት አንድ ዓይነት ስንኝ አምጥተው፣ እኔ ነኝ ቀድሜ ያልሁት በሚል ብቻ ተጋጩ።

የአቀራረቡም ችግር በዚያው ተፈታ። ሴቶቹ አራት ድምፅ የሚባለውን ነገር ሰምተው ሳቁና ከበሮ አወረዱ፤ ጓይላ ይሁን አሉ። በጓይላ አንዷ ታወጣለች፣ ሌላው ይቀበላል፤ ክቡ ይዞራል፤ ቁጭ ብሎ የሚያይ ተመልካች የለም። ማን ለማን ይዘምራል የሚለው ጥያቄ ወዲያው ቀረ። ባሶቻችንም ከብዙ ጊዜ በኋላ ዜማውን አገኙት።

አሁን የቀረው የወንዶቹ ጉዳይ ነው። ረቂቅ ግጥሙ እንዴት እንደሾለከ ባይታወቅም እጃቸው ገብቷል። የንጉሡም፣ የደርጉም፣ የበረሃውም ሰው ከዚህ በፊት ባልታየ አንድነት ተሰብስበው ለኮሚቴው ደብዳቤ ጽፈዋል። ብርድ ልብሱን በተመለከተ የተባለው እውነት መሆኑን ያምናሉ። የጫማው ነገር ግን ማስረጃ ይቅረብበት ብለዋል። በመሆኑም ከጓይላው ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ዘማች በፉከራ መልስ የመስጫ ጊዜ እንዲያዝ፣ ጊዜውም እንዳይገደብ ይጠይቃሉ። ለአዳራሹ የሚከፈለው በሰዓት ነው። ሒሳብ ያዡ የቃላሚኖ ልጅ ስለሆነ ወዲያው አስልቶታል፤ ውጤቱን ግን ለኮሚቴው እንጂ ለእኔ አላሳየኝም።